ሳቺን ቴንዱልካር ከሌሎች የሚለይበት ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄ፦ ዱባይ ውስጥ ከሕንዶች፣ ከፓኪስታኖችና ከስሪላንካዎች ጋር እሠራለሁ። ክሪኬት በተነሣ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ ሳቺን ቴንዱልካር ላይ ያርፋል። ሰውዬው መጫወት ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ቪዲዮዎቹን ተመልክቻለሁ፤ ኳስ ሲመታ አያለሁ እንጂ ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አልታየኝም። አጨዋወቱ ምኑ ላይ ነው ልዩ የሚሆነው? ደግሞስ የምንጊዜም ምርጥ ነው መባሉ ትክክል ነው?

ምላሽ፦

የቴንዱልካር ልዩነት በአጫጭር ቪዲዮ ያልታየዎት መሆኑ አያስደንቅም። እነዚያ ቪዲዮዎች የሚያሳዩት የመታቸውን ኳሶች ብቻ ነው፤ የእሱ ትልቅነት ግን ግማሹ ሳይመታ በተዋቸው ኳሶች ውስጥ ያለ ነው። ይህን ለማየት የመቺው ሥራ ምን ያህል ምሕረት የለሽ እንደሆነ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። ወርዋሪው ኳሷን የሚለቀው ከ20 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው፤ ፈጣኖቹ በሰዓት ከ145 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚወረውሩ ኳሷ መቺው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅባትም፤ መንገድ ላይም መሬት ነጥራ አቅጣጫና ከፍታ ልትለውጥ ትችላለች። ከመቺው ኋላ የቆሙትን ሦስት እንጨቶች ከመታች፣ ወይም እሱ የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ተከላካይ እጅ ከገባች፣ ሰውዬው ይወጣል፤ በዚያ ተራም ተመልሶ አይገባም። የእግር ኳስ አጥቂ አምስት ዕድል አበላሽቶ በስድስተኛው ጎል ቢያስቆጥር ስታዲየሙ ስሙን ይዘምራል፤ የክሪኬት መቺ ግን መቶ ኳስ በትክክል ተጫውቶ በመቶ አንደኛዋ ቢሳሳት ቀኑ አበቃ።

ስለዚህ የእኔ መልስ በአጭሩ ይህ ነው፦ ቴንዱልካርን ልዩ የሚያደርገው ከሁሉም የበለጠ ጉልበት ወይም ከሁሉም የበለጠ ዐይን ስለነበረው አይደለም። የገጠመውን ችግር በትክክል ለይቶ አጨዋወቱን ለዚያ ችግር ሲል መለወጥ፣ ካስፈለገም የሚወደውን ምት እርግፍ አድርጎ መተው መቻሉ ነው፤ ይህንንም ከ16 ዓመቱ እስከ 40 ዓመቱ ድረስ ሳያቋርጥ ማድረጉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴንዱልካር የተወለደው ሚያዝያ 24 ቀን 1973 በሙምባይ፣ በዚያን ጊዜ ስሟ ቦምቤይ በነበረችው ከተማ ነው። አባቱ በማራቲ ቋንቋ የሚጽፉ ደራሲና መምህር ነበሩ። ተሰጥዖውን አይቶ ሺቫጂ ፓርክ ወደሚባለው ሜዳ፣ ወደ አሠልጣኙ ራማካንት አችሬካር የወሰደው ታላቅ ወንድሙ አጂት ነው። አችሬካር የሚታወቁበት አንድ የሥልጠና ዘዴ ነበራቸው፤ ልጁ ሲደክም በእንጨቶቹ አናት ላይ የአንድ ሩፒ ሳንቲም ያስቀምጡና ልጁን ያስወጣ ወርዋሪ ሳንቲሙን ይወስዳል፤ ማንም ካላስወጣው ደግሞ ሳንቲሙ የልጁ ይሆናል። ቴንዱልካር በዚህ መንገድ ያገኛቸውን 13 ሳንቲሞች ከሽልማቶቹ ሁሉ አስበልጦ እንደሚመለከታቸው ብዙ ጊዜ ተናግሯል። ለእኔ ይህ ታሪክ ጣፋጭ ትዝታ ብቻ አይደለም፤ ትኩረት በድካም ጊዜ የሚለመድ ክህሎት መሆኑን ልጁ ገና በ12 እና በ13 ዓመቱ እንደተማረው ያሳያል። በ1988 ከትምህርት ቤት ጓደኛው ከቪኖድ ካምብሊ ጋር ሆነው፣ ሳይወጡ፣ 664 ነጥብ በአንድነት ሲያስቆጥሩ የእሱ ድርሻ 326 ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ ለቦምቤይ በተሰለፈበት የመጀመሪያ ትልቅ ግጥሚያ መቶ ነጥብ አስቆጠረ።

ኅዳር 15 ቀን 1989 ካራቺ ላይ ለሕንድ ብሔራዊ ቡድን ሲሰለፍ 16 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነበር። ከፊቱ የነበሩት የፓኪስታን ፈጣን ወርዋሪዎች ኢምራን ካን፣ ዋሲም አክረምና እንደ እሱ የመጀመሪያ ግጥሚያውን የሚያደርገው ዋቃር ዩኒስ ናቸው፤ በ15 ነጥብ ያስወጣውም ዋቃር ነበር። በዚያው ጉዞ በአራተኛው ግጥሚያ፣ ሲያልኮት ላይ፣ ዋቃር ያነጠራት ኳስ አፍንጫውን መታችው። ደም ሸሚዙ ላይ እየፈሰሰ ከሜዳ አልወጣም አለና 57 ነጥብ አስቆጠረ። በነሐሴ 1990 ደግሞ በማንቸስተር ኦልድ ትራፎርድ ሕንድን ከሽንፈት ያዳነበትን 119 ነጥብ ሳይወጣ ሲያስቆጥር ገና 17 ዓመቱ ነበር። በየካቲት 1992 በአውስትራሊያ ፐርዝ ያስቆጠረው 114 ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥብኛል፤ የፐርዝ ሜዳ በዚያ ዘመን ኳስን ደረት ድረስ በማስነሣት በዓለም የታወቀ ስለነበር፣ የሕንድ መቺዎች ከዚያ ፍጥነትና ከዚያ ንጥረት ጋር አይችሉም የሚለውን የቆየ ሐሜት የ18 ዓመት ልጅ ነው የሻረው።

አሁን ወደ አጨዋወቱ እንምጣ። ቁመቱ 165 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዱላውን የሚይዘው ከብዙዎቹ በተለየ ወደ ታች፣ የእጀታው ግርጌ ላይ ሲሆን፣ ይህም የመጣው በልጅነቱ ለእሱ በጣም ትልቅ በነበረው በወንድሙ ዱላ በመጫወቱ ነው። ዱላው ራሱ ከባድ ነበር፤ ብዙዎቹ ተጫዋቾች 1.2 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሲይዙ የእሱ 1.4 ኪሎ ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ዱላ ከፍ አድርጎ ማወዛወዝ አድካሚ ስለሆነ ዱላውን ብዙ ወደ ኋላ አይወስድም፤ የዱላውን ክብደት ተጠቅሞ ኳሷን በትክክለኛው ቅጽበት ይገፋታል እንጂ በኃይል አይቀጠቅጣትም። ባለሙያዎች ከሁሉም በላይ የሚያደንቁት ምቱ ስትሬት ድራይቭ የሚባለው፣ ኳሷ በወርዋሪው ጎን ሽው ብላ ወደ መጣችበት የምትመለስበት ምት ነው። ቪዲዮውን በዝግታ አድርገው ቢያዩት ሦስት ነገሮችን ልብ ይበሉ፦ ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ስትለቀቅ ጭንቅላቱ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም፤ ዱላው ሙሉ ገጹን ለወርዋሪው እንዳሳየ ይቀራል፤ ኳሷን ከመታ በኋላም ዱላው ትከሻው ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቆማል። ሌላው መቺ በሙሉ ክንዱ የሚያገኘውን ርቀት እሱ በዚህ በተቆረጠ እንቅስቃሴ ያገኘዋል። ይህ ምት በሁለት ተከላካዮች መካከል ያለውን ጠባብ ክፍተት የሚጠይቅ ስለሆነ ጭንቅላቱ ለቅጽበት እንኳ ቢያዘነብል አይሳካም።

አጭርነቱም ጠቅሞታል። ደረት ድረስ የምትነሣዋን ኳስ በእግሩ ጣቶች ላይ ቆሞ፣ በኋላ እግሩ ተደግፎ፣ በቀኙ ባለው የሜዳ ክፍል ይገፋታል፤ ረዣዥም መቺዎች ያቺኑ ኳስ ወደ ፊት ረግጠው ለመጫወት ሲሞክሩ ይቸገራሉ። ፈጣን ወርዋሪ ኳሷን ከትከሻው በላይ ሲያነጥርበት ደግሞ የወርዋሪውን ፍጥነት ራሱን ተጠቅሞ ከኋላው ካሉት ተከላካዮች በላይ ያሳልፋታል። በ2003 የዓለም ዋንጫ፣ በደቡብ አፍሪካዋ ሴንቱሪየን ከተማ፣ በዘመኑ ከሁሉም ፈጣን የነበረውን ሾዓይብ አክተርን፣ ኳሷ መሬት ሳትነካ ከሜዳው ድንበር ውጭ ወጥታ፣ ስድስት ነጥብ ያገኘበት ምት ይኸው ነው። ያን ቀን በፓኪስታን ላይ 98 ነጥብ ያስቆጠረው በ75 ኳስ ብቻ ነው፤ በውድድሩም 673 ነጥብ አስቆጥሮ ኮከብ ተጫዋች ተባለ።

እነዚህ ሁሉ ግን ሌሎች ታላላቅ መቺዎችም በየፊናቸው ያላቸው ናቸው። እሱን ለብቻው የሚያቆሙት ግን፣ በእኔ ግምገማ፣ ሁለት አጋጣሚዎች ናቸው።

የመጀመሪያው በመጋቢት 1998 ቼናይ ላይ የሆነው ነው። የአውስትራሊያው ሼን ዎርን በታሪክ ከታዩት ስፒን ወርዋሪዎች፣ ማለትም ኳሷን አሽከርክረው ከሚወረውሩት፣ በግንባር ቀደምነት የሚጠራ ሲሆን፣ ኳሷን በዝግታ ወርውሮ መሬት ስትነካ ከመቺው እግር በኩል ወደ ቀኝ እንድትታጠፍ ያደርጋታል። ግጥሚያው እየቆየ ሲሄድ የወርዋሪዎች ጫማ መሬቱን ይቦጫጭረዋል፤ ያ የተቦጫጨረ ቦታ ከመቺው እግር ኋላ ስለሚገኝ፣ ዎርን ከእንጨቶቹ ሌላ ጎን መጥቶ ኳሷን እዚያ ላይ ቢጥላት እንዴት እንደምትዞር ማንም ሊገምት አይችልም። ቴንዱልካር ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ ገብቶታል። ስለዚህ ከግጥሚያው በፊት የቀድሞውን ስፒን ወርዋሪ ላክሽማን ሲቫራማክሪሽናንን ለምኖ፣ የልምምድ ሜዳው ላይ ልክ ያንን ቦታ ሆን ብለው አቧጭረው፣ ኳሱን ደጋግሞ እዚያ ላይ እንዲጥልለት አደረገ። በመጀመሪያው ተራ ዎርን በ4 ነጥብ አስወጣው። በሁለተኛው ተራ ሕንድ በ71 ነጥብ እየተመራች ሲገባ፣ ዎርን የተጠበቀውን አደረገ፤ ቴንዱልካርም የተዘጋጀበትን ምት አወጣ። ግራ እግሩን ከመንገዱ አንሥቶ ኳሷን ከምትዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ በግራ በኩል ባለው ባዶ ሜዳ በላይ እየጠረገ ላካት። እንዲህ ያለውን ኳስ ከመዞሯ በተቃራኒ መምታት በማንኛውም የሥልጠና መጽሐፍ አደገኛ ነው ተብሎ የሚከለከል ነው፤ እሱ ግን አደጋውን በልምምድ ሜዳ ላይ አስቀድሞ ጨርሶት መጥቷል። 155 ነጥብ ሳይወጣ አስቆጠረ፤ ሕንድም በ179 ነጥብ ልዩነት አሸነፈች።

ሁለተኛው በጥር 2004 ሲድኒ ላይ የሆነው ነው፤ ለእኔ ከሥራው ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነው። በዚያ የአውስትራሊያ ጉዞ፣ ከሲድኒ በፊት፣ በአምስት ተራዎች ያስቆጠረው በጠቅላላው 82 ነጥብ ብቻ ነበር። ከቀኙ ራቅ ብለው የሚመጡ ኳሶችን ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ሲመታ፣ ማለትም ከቨር ድራይቭ የሚባለውን ምት ሲሞክር፣ ደጋግሞ ኳሷ በዱላው ጠርዝ ተነክታ ተይዟል። ያ ምት ከእሱ መታወቂያዎች አንዱ ነበር። ሲድኒ ላይ ሙሉ በሙሉ ተወው። የአውስትራሊያ ወርዋሪዎች ነገሩ ሲገባቸው ያቺኑ ኳስ እየደጋገሙ አቀረቡለት፤ በቀኙ ያለውን ሜዳም ሆን ብለው ባዶ ተዉለት። እሱ ኳሷን እያየ ያሳልፋታል። ወርዋሪዎቹ በመጨረሻ ሰልችቷቸው ወደ እንጨቶቹ ሲያቀርቡለት በግራ በኩል እየመታ ነጥቡን ይሰበስባል። ከአሥር ሰዓት በላይ ሜዳ ላይ ቆይቶ፣ 436 ኳስ ተጫውቶ፣ 241 ነጥብ ሳይወጣ አስቆጠረ። አንድ ባለሙያ በሚኮራበት መሣሪያ ሥራው እየተበላሸ መሆኑን አምኖ፣ መሣሪያውን በሺሕዎች ፊት ቀኑን ሙሉ ሳያነሣ መዋል ከማንኛውም ያማረ ምት የሚበልጥ ችሎታ ነው ብዬ አምናለሁ። ዱላውን ይዞ ያልተጫወተ ተመልካች ግን ያን ቀን አሰልቺ ሊለው ይችላል፤ በአጭር ቪዲዮም ፈጽሞ አይታይም።

ከባልደረቦችዎ አፍ የማይጠፋው ግን ምናልባት ከእነዚህ ሁለቱ ይልቅ አጠገብዎ ያለችው ሻርጃ ትሆናለች። በሚያዝያ 1998፣ በአንድ ቀን ግጥሚያ፣ ሕንድ ከአውስትራሊያ ስትጫወት የአሸዋ ማዕበል ተነሥቶ ጨዋታው ተቋረጠ። ሲቀጥል ሕንድ ለማሸነፍ በ46 ኦቨር (አንዱ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው) 276 ነጥብ ያስፈልጋት ነበር፤ ለፍጻሜው ለማለፍ ግን 237 ይበቃት ነበር። ቴንዱልካር በ131 ኳስ 143 አስቆጠረ፤ ሕንድ ግጥሚያውን ብትሸነፍም አለፈች። ከሁለት ቀን በኋላ፣ 25ኛ ዓመት ልደቱን ባከበረበት ዕለት፣ በፍጻሜው በዚያው ቡድን ላይ 134 አስቆጥሮ ዋንጫውን አስገኘ። ያኔ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ይኖሩ የነበሩ የደቡብ እስያ ሠራተኞች ይህን በዓይናቸው ያዩት፣ ያላዩትም ካዩት የሰሙት ነገር ነው፤ ስለዚህ እናንተ አካባቢ የእሱ ስም ከሌላ ቦታ በበለጠ ቢነሣ ምክንያት አለው።

የፍቅሩ ምክንያት ከሜዳም ውጭ ነው። ሕንድ በ1991 ኢኮኖሚዋን ለውጭው ዓለም ስትከፍትና የሳተላይት ቴሌቪዥን ወደ ቤቶች ሲገባ፣ በየሳሎኑ ሁሉም በአንድነት የሚያየው ፊት የእሱ ሆነ። በዚያው አሥርት ዓመት ቡድኑ ደካማ ስለነበር እሱ ከወጣ ብዙ ቤተሰብ ቴሌቪዥኑን ይዘጋ ነበር። ይህ የተጋነነ ወሬ አይደለም፤ በጥር 1999 ቼናይ ላይ በፓኪስታን ላይ ጀርባውን እያመመው 136 አስቆጥሮ ሲወጣ ለድል የቀረው 17 ነጥብ ብቻ ነበር፤ የቀሩት መቺዎች 4 ነጥብ ብቻ ጨምረው አለቁና ሕንድ በ12 ነጥብ ተሸነፈች። በዚያው ዓመት በግንቦት፣ የዓለም ዋንጫው እንግሊዝ ውስጥ እየተካሄደ ሳለ አባቱ ዐረፉ። ለቀብር ወደ ሙምባይ ሄዶ በቀናት ውስጥ ተመለሰና ብሪስቶል ላይ በኬንያ ላይ 140 ነጥብ ሳይወጣ አስቆጠረ። መቶውን ሲሞላ ዱላውን ይዞ ወደ ሰማይ ቀና አለ፤ ከዚያ በኋላ መቶ በሞላ ቁጥር ቀና ማለቱ በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሮቹን በአጭሩ ላስቀምጥ። እስከ አምስት ቀን በሚቆየው የቴስት ክሪኬት በ200 ግጥሚያ 15,921 ነጥብና 51 ሴንቸሪ (በአንድ ተራ መቶ ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ)፣ በአንድ ቀን ክሪኬት ደግሞ በ463 ግጥሚያ 18,426 ነጥብና 49 ሴንቸሪ አለው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ሌላ ማንም ያልደረሰበት መቶ ሴንቸሪ ይሆናል። በአንድ ቀን ክሪኬት የመጀመሪያውን ሴንቸሪ ለማግኘት 78 ግጥሚያ እንደጠበቀ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ነገሩ የተለወጠው በመጋቢት 1994 ኦክላንድ ላይ ከቡድኑ አንደኛ ሆኖ እንዲገባ ለምኖ ሲፈቀድለትና በ49 ኳስ 82 ሲያስቆጥር ነው። በየካቲት 2010፣ በ36 ዓመቱ፣ ግዋሊዮር ላይ በደቡብ አፍሪካ ላይ 200 ነጥብ ሳይወጣ በማስቆጠር በወንዶች የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ክሪኬት የመጀመሪያው ሆነ። ለስድስተኛ ጊዜ በተሳተፈበት የዓለም ዋንጫ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2011፣ በተወለደባት ከተማ ዋንጫውን አነሣ፤ በፍጻሜው ግን ያስቆጠረው 18 ብቻ ነበር።

የምንጊዜም ምርጥ ነው ወይ? እኔ እንደዚያ አልልም። የአውስትራሊያው ዶናልድ ብራድማን በቴስት ክሪኬት በተራ አማካይ 99.94 ነጥብ አስቆጥሮ ያለፈ ሲሆን የቴንዱልካር አማካይ 53.78 ነው፤ ዘመኑ ቢለያይም ይህን ያህል ርቀት በክርክር አይሞላም። ብራድማን ራሳቸው በእርጅናቸው ቴንዱልካርን በቴሌቪዥን አይተው አጨዋወቱ የራሳቸውን እንደሚያስታውሳቸው መናገራቸው ግን ከማንኛውም ሽልማት የሚበልጥ ምስክርነት ነው። ከዘመነኞቹ መካከልም የዌስት ኢንዲሱ ብራያን ላራ በአንድ ተራ 400 ነጥብ ሲያስቆጥር የቴንዱልካር ከፍተኛው 248 ነው፤ አንድን ግጥሚያ ብቻውን በመገልበጥ ረገድ ላራን የሚያስቀድሙ ሰዎች በቂ ምክንያት አላቸው። የቡድን መሪነቱም አልተሳካም፤ ከመራቸው 25 የቴስት ግጥሚያዎች ያሸነፈው 4 ብቻ ነው። መጨረሻ ላይም መቆየት ከሚገባው በላይ ቆይቷል ብዬ አስባለሁ። ከጥር 2011 በኋላ በቴስት ሴንቸሪ አላስቆጠረም፤ እግሮቹ ስለዘገዩ ወደ ውስጥ የምትታጠፍ ኳስ በተደጋጋሚ ታስወጣው ነበር፤ መቶኛውን ሴንቸሪ ለማግኘትም አንድ ዓመት ሙሉ ፈጅቶበት በመጋቢት 2012 በባንግላዲሽ ላይ ሲሞላው ሕንድ ያን ግጥሚያ ተሸንፋለች። የአንድ ቀን ሴንቸሪ ክብረ ወሰኑንም ቪራት ኮሊ በኅዳር 2023 በልጦታል።

ቴንዱልካርን የማስቀድምበት አንድ ነገር ግን አለ። በፐርዝ ከፍተኛ ንጥረት፣ በቼናይ አቧራ፣ በእንግሊዝ ኳስ በአየር ላይ በምትታጠፍበት ደመናማ ጠዋት፣ በሻርጃ ሙቀት፣ በቴስትም ሆነ በአንድ ቀን ጨዋታ፣ በፍጥነትም ሆነ በስፒን ላይ፣ ወርዋሪዎች ለረጅም ጊዜ ሊጠቀሙበት የቻሉት ቋሚ ድክመት አልነበረውም። አንዱን ሲያገኙበት ይዘጋዋል። አንድ መቺ ብቻ መርጠህ ሜዳውንና ወርዋሪውን ሳታውቅ አሰልፍ ብባል፣ ከብራድማን ቀጥሎ የምጽፈው ስም የእሱ ነው።